የፈረቃ ልጆች

የእኛ ትውልድ ዕድሜው የተለካው በጆሮ ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን መንካት የቻለ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ አንደኛ ክፍል ይመዘገባል። ጣቱ ያልደረሰለት «ለከርሞ ይምጣ» ይባልና የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጭንቅላቱ ተለቅ ያለ ልጅ በዚህ መለኪያ አበሳውን ያይ ነበር፤ ክንደ ረጅሙ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። ታላላቆቻችን ነገሩን ስላለፉበት ነሐሴን ሙሉ ቤት ውስጥ ያለማምዱናል፤ «አንገትሽን ወደ ቀኝ ሰበር፣ ትከሻሽን ከፍ» እያሉ። መዝጋቢው መምህርም ዘዴውን ያውቃታል። አንዳንዴ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ሲከፋው ደግሞ «ቀጥ በይ!» ይላል።

ሌላ ማስረጃ አልነበረማ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው 2008 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ እኛ የሁለትና የሦስት ልጆች ወላጆች ሆነናል። የወሎ እናቶች ዕድሜ የሚቆጥሩት በድርቅ ነበር። ታላላቆቻችን ከ66ቱ በፊት ወይም በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ እኛ ደግሞ 77 ሲገባ ዳዴ ጨርሰን የምንሮጥ። እናቴ «በሰባ ሰባቱ ጊዜ ይቺ አፏን ፈትታ ዳቦ ስጡኝ ትል ነበር» አለችው፤ መዝጋቢው ጣቱን አጥፎ ቆጠረና አንድ ዓመተ ምሕረት ጻፈ። ዛሬ መታወቂያዬ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ መዝገብ የወረደ ነው። ቀኑንማ ማን ይጠይቃል! ብዙዎቹ እኩዮቼ መስከረም 1 ተወለድን ብለው ነው የሚኖሩት፤ ፌስቡክ በእንቁጣጣሽ ጠዋት የግማሹን ክፍል ልደት ያበስረኛል።

ደሴ ላይ አንደኛ ክፍል የገባነው በ1980 ነው፤ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) በተመሠረተ ሰሞን። ያስገባን መንግሥት አራተኛ ክፍልን ስንጨርስ አልነበረም። ስምንተኛ ደርሰን ሚኒስትሪ ስንፈተን ደግሞ ፖሊሲውም፣ ካርታውም፣ መዝሙሩም ተለውጧል። ስለ ትውልድ ሲወራ የአብዮቱ ትውልድ አለ፣ የዘመቻው ትውልድ አለ፤ የእኛ ስም የለውም። አውጪለት ብባል የፈረቃ ልጆች እለው ነበር። ቀኑንም፣ ወንበሩንም፣ መጽሐፉንም ከሌላ ልጅ ጋር ተካፍለን ሁሉን ነገር ግማሽ ግማሹን የቀመስን ነን።

የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በትምህርት አልነበረም። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ስለሆነ ከፍ ያሉት ልጆች ሰልፍ ይወጣሉ፤ ትንንሾቹ የወረቀት ባንዲራ ተሰጥቶን መንገድ ዳር እንቆማለን። ከዚያ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ የማጭድ ነው። ክረምቱን ሙሉ የደሴ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ግቢ ሣሩ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይውጣል። «ነገ ወንድ ማጭድ፣ ሴት መጥረጊያ ይዛችሁ ኑ» ይባላል። የታጨደው ሣር ተሸጦ ለጠመኔ መግዣ ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር። ትልልቆቹ ወንዶች ከየቤታቸው ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰብስበው ያመጣሉ። ባትሪው ተሰብሮ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ይወቀጣል፣ ከቅጠል ጋር ተለውሶ የነጣው ሰሌዳ ይታሻል፤ ያን ቀን የእነሱ እጅ እስከ ክርናቸው ይጠቁራል። መርዝ ነው ያለን አልነበረም።

ሴቶቹ ደግሞ ክፍሉን በእበት እንለቀልቃለን። ወለሉ አፈር ነው፤ ክረምቱን ተዘግቶ ሲከርም ቁንጫ ያፈራል። እበቱን ከሰፈር ላሞች ቤት ለምነን በቆርቆሮ ተሸክመን እናመጣለን፤ ስንጨርስ ወለሉ እስኪደርቅ ደጅ እንቆማለን። ወንዶቹ ማጭዳቸውን ጥለው የጨርቅ ኳሳቸውን ሲያንከባልሉ እኛ ገና እጃችንን እየታጠብን ነው። ይህን የምለው ዛሬ ቂም ይዤ አይደለም። ግን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ «ግቢያችንን ራሳችን ነበር የምናጸዳው» የሚሉ ሰዎች ማጭዱን እንጂ እበቱን ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም።

ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ነው ትምህርት የሚጀመረው። «ከመስቀል በኋላ» የተማሪም፣ የመምህርም፣ የወላጅም ቃል ነበር፤ ክፍላችን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ቢሆንም እነሱም በመስቀል ነበር የሚቆጥሩት። ብዙዎቻችን ፊደል ቆጥረን ነው የመጣነው፤ ገሚሱ ከየኔታ ዘንድ ሀሁና አቡጊዳ ዘልቆ፣ ገሚሱ ከቁርአን ቤት ሎህ ላይ አሊፍ ባ ጽፎ። ሁለቱም ወገን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ወገቡን እያወዛወዘ፣ በአንድ ድምፅ መጮህ ያውቃል። የመጀመሪያዋ መምህራችን ሥራዋ ግማሹ አልቆላት ነበር የተረከበችን። ያቃታት ነገር ቢኖር ዝም ብሎ በልብ ማንበብን ማስተማር ነው። ከንፈር ሳናንቀሳቅስ ካነበብን ያነበብን አይመስለንም።

ከ80 በላይ ነበርን። አንድ አግዳሚ ላይ አራት፣ ሲከፋም አምስት እንቀመጣለን፤ ዳር የተቀመጠ በአንድ ቂጡ ነው የሚማረው። ክፍሉ አንሶ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ወገን ጠዋት ሌላው ከሰዓት እየተፈራረቀ። ጠዋት ስንሆን የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሳይነሳ፣ ጣታችን እርሳስ መያዝ አቅቶት ገብተን በስድስት ሰዓት እንወጣለን። ከሰዓት ስንሆን ጠዋቱን ውኃ ስንቀዳና እንጨት ስንለቅም ውለን፣ ላባችን ሳይደርቅ እንደርሳለን። በር ላይ ያረጀች የመኪና ቸርኬ ተሰቅላለች። ዘበኛው በብረት ሲመታት ያኛው ፈረቃ ይፈስሳል፣ ይኼኛው ይገባል፤ አጥር ሥር ለሁለት ደቂቃ እንጋፋለን።

በእኔ ቦታ ጠዋት የምትቀመጠዋን (ወይም የሚቀመጠውን) ልጅ አይቼ አላውቅም። ዴስኩ ውስጥ የቆሎ ልቅምቃሚ ትቶልኝ ይሄዳል፤ እኔም የሸንኮራ ምጣጭ እተውለታለሁ። አንድ ቀን ጣውላው ላይ አራት መስመር ተጭሮ መሀሏ ላይ ኤክስ ተጽፋ አገኘሁ። ጥጓ ላይ ዜሮ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ሌላ ኤክስ። እንዲህ በቀን አንድ አንድ እያልን አንዱን ጨዋታ ሳምንት ሙሉ እንጫወት ነበር፤ ፈረቃው ሲገለበጥም አይቋረጥም። አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈኛል። አሁንም ደሴ መንገድ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ይሄ ይሆን እላለሁ።

መጽሐፉም እንደዚያው ነው። በጥቅምት መጀመሪያ መምህሩ ከስቶር አሸክሞ ያመጣና አንዱን ለሦስት ይሰጣል። ለሦስት የተሰጠ መጽሐፍ የሚከፋፈለው በገጽ ሳይሆን በቀን ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ አንቺ ቤት፣ ረቡዕና ሐሙስ እኔ ቤት፣ የተረፈው ለሦስተኛዋ። ፈተና ሲቃረብ ይኼ ስምምነት ይፈርሳል፣ ወላጅም ይገባበታል። ከሽፋኑ ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለ፤ ስም፣ ክፍል፣ ዓመት፣ ሲመለስ የነበረበት ሁኔታ። እኔ የደረሰኝ የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ከእኔ በፊት አምስት ስም ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ «አዲስ»፣ ቀጥሎ «ደህና»፣ ከዚያ «ደህና»፣ ከዚያ «ሽፋኑ የተገነጠለ»፣ በመጨረሻም ማንም ሳይጽፍበት የቀረ ባዶ ሣጥን። ሥዕሎቹ ሁሉ ጢምና መነጽር ተደርጎላቸዋል። ጥያቄዎቹ ሥር መልሱ በእርሳስ አለ፤ ግን የተሳሳተም ስለሚገኝበት ከእኛ በፊት የነበረውን ልጅ ማመንና አለማመን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ሰኔ ላይ መጽሐፉን ያልመለሰ ካርድ አይሰጠውም።

የራሳችን የምንለው ደብተሩን ብቻ ነው። ባለ 50 ሉክ ለዋና ዋናው ትምህርት፣ ባለ 32 ለቀሪው፤ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ያለበት። እርሳስ በቢላ ለሁለት ይቆረጥና ለእኔና ለወንድሜ ይደርሳል፤ ላጲስ ያለበት ግማሽ የሚደርሰው ለታናሽ ነው፣ ይሳሳታል ተብሎ። እስክሪብቶ መያዝ የትልቅነት ምልክት ስለነበር ቢክ የተፈቀደልን ዓመት ጣቶቻችንን ሆን ብለን በቀለም እናጨማልቅ ነበር። ዩኒፎርሙ ካኪ ነው፤ አራዳ ያለው ልብስ ሰፊ ለዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞና ለዚያ ወዲያ ነው የሚለካው። እጅጌው ታጥፎ፣ የቀሚሱ ጫፍ አራት ጣት ተቀልብሶ ይሰፋል። በየመስከረሙ አንድ እጥፋት ይፈታና የድሮው መስመር ካልደበዘዘው ጨርቅ ጋር ጎልቶ ይታያል፤ የማን ልጅ ስንተኛ ዓመቱን በአንድ ቀሚስ እንደያዘ ከሩቅ ይቆጠራል።

ደብተር መሸፈኛ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪካችን እዚያ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደብተሮቼ የለበሱት ሠርቶ አደር ጋዜጣን ነው። የእርሻ ትራክተርና የጉባኤ አዳራሽ ፎቶ ሒሳብ ደብተሬ ላይ ሦስት ዓመት አብረውኝ ተምረዋል። አባቴ የሊቀ መንበሩ ምስል ያለበትን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጎ ነበር የሚያጥፈው፤ ቅባት እንዳይነካውና ጣጣ እንዳይመጣ። በ1984 ሠርቶ አደር የለም፤ አዲስ ዘመን አለ፣ ፎቶዎቹ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎች። በ1985 የፕሬስ ሕጉ ከወጣ በኋላ የግል መጽሔቶች ገበያውን ሞሉት፤ ደብተሮቻችን አርቲስትና ዘፋኝ ለበሱ። በመስከረም 1987፣ ስምንተኛ ክፍል ስንገባ፣ የዓለም ዋንጫው ገና ማለቁ ስለነበር የወንዶቹ ደብተር በሙሉ ሮማሪዮና ባጂዮ ሆነ። ያንን የአልጋ ሥር ሣጥን ምስጥ ባይበላው ኖሮ የዘመኑን የፖለቲካ ለውጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ከደብተሮቼ ቆዳ ማስረዳት ይቀለኝ ነበር።

የመስከረም 1984ቱ መግቢያ ለብቻው ነው። ደሴ በግንቦት 1983 እጅ ስትለወጥ ትምህርቱ መሀል ላይ ተቋርጧል። ክረምቱ አለፈ፤ ሣሩም እንደ ልማዱ አድጎ ጠበቀን፤ እኛም ማጭድና መጥረጊያችንን ይዘን ሄድን። ሰልፍ ላይ ቆመን ግን የሚዘመር መዝሙር አልነበረም። የድሮው ቀርቷል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። በእኛ ግቢ ባንዲራ በፊሽካ ነበር የሚወጣው። የስፖርት መምህሩ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ ቀጥ እንላለን፤ ሁለተኛ ይነፋል፣ እንገባለን። በኋላ አዲሱ መዝሙር ሲመጣ ግጥሙ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ገለበጥነው፤ ለፈተና እንደሚመጣ ነገር ተሸመደደ። ሁለት መዝሙር የምናውቅ ልጆች ሆንን። ዛሬም ሰርግ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ ከሞቀ በኋላ አንዱ የመጀመሪያውን ይጀምርና ሁላችንም ቃል ሳንስት እንጨርሰዋለን፤ ፖለቲካ እንዳይመስልባቸው የሚሰጉ ሚስቶች ጠረጴዛ ሥር እግር ይረግጣሉ።

ስም ጥሪ ላይ ነው ለውጡ የተሰማን። ከለውጡ በፊት ደሴ የጦር ከተማ ነበረች፤ የወታደር ልጆች በየክፍሉ ነበሩ። መምህሩ የድሮውን ዝርዝር ይዞ ሲጠራ «አቤት» የሚል የጠፋለት ስም በዛ። መጀመሪያ ቀና ብሎ «የት ነው?» ይላል። በኋላ ዝም ብሎ በቀይ ይሰርዛል። በአንጻሩ ከአሰብ የመጡ ልጆች ገቡ። ሙቀት የለመዱ ስለሆኑ ደሴን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው ነበር የሚማሯት፤ ባሕር አይተናል ሲሉን አናምናቸውም ነበር። ባሕሩ የእኛ ካርታ ላይ የነበረበት ጂኦግራፊ መጽሐፍ ገና ስቶር ውስጥ ነበር፤ በሌላ እስኪተካ በዚያው ተማርን።

እንግዲህ የእኛ ዕድሜ ሰዎች ሲሰበሰቡ አንድ ነገር መባሉ አይቀርም፤ «ትምህርት ድሮ ቀረ፣ የዛሬ ልጆች ምን ይማራሉ?» መምህሩ የተከበረ ነበር፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤ ያነብ ነበር፣ በጎማ የተገረፈ ሰው ሆኗል ይባላል። እኔ ይኼ ወሬ አይዋጥልኝም። የሚያወሩት የዘለቁት ናቸው፤ ያልዘለቁት ቡና ላይ የሉም። አንደኛ ክፍል ከ80 በላይ ሆነን ከገባነው ስምንተኛ ሚኒስትሪ ላይ አብረን የተቀመጥነው በጣት የምንቆጠር ነን። አንዳንዱ ወድቆ ደገመ፣ አንዳንዱ ከተማ ቀየረ፤ የቀረው ቀረ። ደግሞ ደሴ ከተማ ናት፣ እኛ ዕድለኞቹ ነን። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ በአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ ከመቶ 30 እንኳ አይሞላም ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ብዙ ተወቅሷል፤ በተለይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ ይለፍ መባሉ የሰፈር መቀለጃ ሆኖ ነበር። ቢሆንም እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ የቀረውና የገጠሩ ልጅ በብዛት መግባት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የተገረፈውን አንድ ልጅ ሰው ሆነ ብሎ የሚያስታውስ፣ ግርፊያውን ፈርቶ የቀረውን ማን ይቁጠርለት?

ከሁሉም የቅርቧን ልናገር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ጆሮ ንኪ ስትባል ክንዷ አልፎ እስከ አገጯ ደርሶ መዝጋቢውን አስቆታል፤ በ77ቱ ምክንያት ዘግይታ ነው የገባችው፣ ከእኛ ሦስት ዓመት ሳትበልጠን አትቀርም። ሒሳብ ከእሷ ነው የምንገለብጠው። እናቷ ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጥ ስለነበር ደብተሯ ሁሉ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይሸት ነበር፤ መምህሩ የቤት ሥራ ሲያርም የእሷን ሳያይ ከሽታው ይለየዋል። ከአምስተኛ ክፍል መሀል ጠፋች። እናቷ ታመው ነው ተባለ፣ እኛም አመንን። ስሟ ለጥቂት ሳምንት ተጠራ፤ ከዚያ ቀይ መስመር። በኋላ ጅዳ መሄዷን ሰማን፤ ሦስት ወንድሞቿን ከዚያ ሆና አስተምራ አስመርቃለች።

የእኛ መስከረም ቢያንስ አንድ ነገር አልጎደለበትም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። መንግሥት ተቀይሮ እንኳ መጥቷል። ይህንን እንደ ተራ ነገር ቆጥረነው ኖርን። በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋና በ2013 ጥቅምት ልጆች በፈረቃ ይግቡ ሲባል ልጄ «ፈረቃ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የማውቀው ነገር ተመለሰ ብዬ በደስታ አስረዳኋት። በ2014 መስከረም ግን የማስረዳው ነገር አጣሁ። የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞልተው ነበር። የተማርኩበትን ክፍል ሄጄ አየሁት። ዴስኮቹ ደጅ ተቆልለው ዝናብ ይመታቸዋል፤ ውስጥ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ነጠላ በገመድ እየጋረደ ተኝቷል። ሰሌዳው ላይ የራሽን ተራ በጠመኔ ተጽፏል። ጥቅምት ሳያልቅ ጦርነቱ ራሷ ደሴ ገባ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች መስከረም መጥቶ ሲሄድ ቤታቸው ናቸው። በአንጻሩ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር እህቴ ከ2012 ጀምሮ ለተማሪዎቿ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ እንደሚሰጥ፣ ቁርስና ምሳም እንደሚበሉ ትነግረኛለች። እውነቱን ለመናገር ቅናት ቢጤ ይሰማኛል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እንጃ።

የክፍላችን ልጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን። ደሴ የቀረን አለን፣ አዲስ አበባ የገቡ አሉ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ ዱባይና ጅዳ ያሉም አሉ። ነሐሴ ሲመጣ ገንዘብ አዋጥተን ለድሮው ትምህርት ቤታችን ደብተር እንገዛለን። ዘንድሮ ክርክሩ ባለ 50 ሉክ ይሁን ባለ 32 የሚል ነበር። ዋጋው በጣም ስለጨመረ ባለ 32 ገዝተን ለብዙ ልጅ እናዳርስ ያለ አለ፤ በ32 ሉክ ሳይንስ አይጻፍም ያለ አለ፤ ሽፋኑ ላይ ስማችን ይታተም ያለም አልጠፋም። ሁለት ቀን እንዲህ ተባባልን። በሦስተኛው ቀን ከጅዳ ቮይስ መጣ።

«እናንተ ሁልጊዜ ደብተር፣ ደብተር» አለች፤ ከበስተኋላዋ የወጥ ቤት ዕቃ ይንኳኳል። «እኔ ደብተር አጥቼ የቀረሁ ይመስላችኋል? እናቴማ አልታመመችም። ቀሚሴ የተበላሸ ቀን ወንዶቹ ሲስቁ አትረሱም መቼም። ወላሂ እኔ አልረሳሁም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ሴቶች ሞዴስ ግዙላቸው። ደግሞ ሽንት ቤቱ በር እንዳለው እስቲ አንዳችሁ ሄዳችሁ እዩ።»

ወንዶቹ ያን ቀን ምንም አልጻፉም። በነጋታው ገንዘብ ያዣችን «ስንት ሴቶች አሉ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ጓደኛችን ቁጥሩን ከዩኒት ሊደሯ ጠይቆ ሰኞ እንደሚያመጣ ነገረን፤ የበሩን ጉዳይ ግን ያኔውኑ መለሰ፣ የለውም። አሁን የምንከራከረው በሩ የእንጨት ይሁን የላሜራ በሚለው ላይ ነው። እኔ ላሜራ ብያለሁ፤ እንጨቱ የደሴን ሁለት ክረምት አይችልም።